ፈረሱ ከቻይና፣ ስሙ ከስፔን

ታጋሎግ የተባለውን የፊሊፒንስ ቋንቋ የሚናገር ሰው ውሻን «አሶ»፣ ድመትን «ፑሳ»፣ ዶሮን «ማኖክ»፣ አሳማን «ባቦይ»፣ ፍየልን «ካምቢንግ» ይላል። ከአምስቱ አንዱም የስፔን እጅ የለበትም። ወደ ፈረስ ሲዞር «ካባዮ»፣ ወደ ላም «ባካ»፣ ወደ ኮርማ «ቶሮ»፣ ወደ ጥንቸል «ኩኔሆ»፣ ወደ ዝይ «ጋንሳ» ይላል፤ እነዚህ ደግሞ ሁሉም የስፓኒሽ ቃላት ናቸው። ስፔኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1565 እስከ 1898 የፊሊፒንስን ደሴቶች ገዝተዋል። ታዲያ አንዱ እንስሳ በስፓኒሽ ሲጠራ ሌላው በቀድሞ ስሙ የቀረው ለምንድን ነው?

የተለመደው መልስ «እንስሳው አገሩ ላይ ካልነበረ ስሙን ይዞ ይመጣል» የሚል ነው። ብዙውን ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም። በየውሻው ጀርባ ሞልቶ የተረፈው ቁንጫ ለምን የስፓኒሽ ስም ያዘ? በዓለም ላይ ፊሊፒንስ ውስጥ ብቻ የሚኖረው ንስርስ? ከቻይና በመርከብ የመጣ ፈረስ ለምን በቻይንኛ አልተጠራም? እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ መልስ ነው፤ ስሙን የሚያወጣው እንስሳውን የሚያሠራው፣ የሚነግድበት፣ ግብር የሚያስከፍልበት ወይም በስብከቱ የሚያነሳው ሰው ነው። እንስሳው ስፔናዊ በሆነ ሥራ ውስጥ ሲገባ የስፓኒሽ ስም ይወጣለታል፤ ሥራው የአገሬው ሆኖ ሲቀር ስሙም የአገሬው ሆኖ ይቀራል።

ከፈረሱ እንጀምር። አንቶኒዮ ደ ሞርጋ ማኒላ ውስጥ የስፔን መንግሥት ዳኛና ባለሥልጣን ነበር። በ1609 ሜክሲኮ ላይ ባሳተመው የደሴቶቹ ታሪክ ስፔኖች ከቻይናና ከኒው ስፔን (ከዛሬዋ ሜክሲኮ) እስኪያስመጡ ድረስ በደሴቶቹ ፈረስም አህያም እንዳልነበረ ጽፏል። አህያና በቅሎ ብርቅ እንደሆኑ፣ ፈረስ ግን እንደተራባ ይጨምራል። ሜክሲኮ ካለው ከአካፑልኮ ወደብ ተነስቶ ፓስፊክን የሚያቋርጠው መርከብ ወራት ይፈጅበታል፤ ያን ያህል ጊዜ የፈረስ ውኃና ድርቆሽ መሸከም ቀላል አይደለም። የቻይና ወደብ ግን ቅርብ ነው። ሻጩ ቻይናዊ ይሁን እንጂ ገዢው፣ ኮርቻ የሚጭነው፣ ጋጣ የሚሠራው፣ አገሬውን ጠባቂ አድርጎ የሚቀጥረው ስፔናዊው ነው። ጠባቂው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «ካባዮ» የሚለውን ነው።

ለዚህ ጥሩ መመዘኛ የሚሆነን የአገሪቱ ደቡብ ነው። በሚንዳናውና በሱሉ የነበሩት የሙስሊም ሱልጣኔቶች ለስፔን በቀላሉ አልተንበረከኩም፤ ንግዳቸውም ከማላይ ዓለም ጋር ነበር። እዚያ ፈረስ በማራናውና በማጊንዳናው ቋንቋዎች «ኩዳ» ይባላል፤ የማላዩ «ኩዳ» ነው። ላምም በማራናው «ሳፒ» ነው፤ ይህም ማላይ ነው። እንስሳው ያው ነው፤ ገበያው ሲለይ ስሙም ተለየ። ከዚያው ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለችው ዛምቦአንጋ ደግሞ የተገላቢጦሹን ታሳያለች። ስፔኖች በ1635 ምሽግ ሠርተው ከተለያየ ቦታ የመጡ ወታደሮችና ሠራተኞች አከማቹባት፤ ከዚያ ድብልቅ የተወለደው የቻቫካኖ ቋንቋ ውሻን ሳይቀር «ፔሮ»፣ ድመትን «ጋቶ» ይላል። ምሽጉ ውስጥ ውሻውም ድመቱም በስፓኒሽ የሚጠራ ቤት ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። በተቀረው ፊሊፒንስ ግን ካህናቱ ራሳቸው የአገሬውን ቋንቋ ተምረው ስለሚሰብኩ፣ ስፔናውያኑም በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ፣ የጓሮ እንስሳ ስሙን የሚቀይርበት ምክንያት አልነበረውም።

አሁን ድምፁን እንይ፤ አንድ ቃል ከስፓኒሽ መምጣቱን፣ አንዳንዴም መቼ እንደመጣ የሚነግረን እሱ ነው። የስፓኒሽ «ቭ» ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ «ብ» ይሆናል፤ «ቫካ» ባካ፣ «ፓቮ» ፓቦ ይሆናል፤ ፓቦ ተርኪ የምንለው ትልቁ ወፍ ነው። «ፓቮ ሪያል» የተባለው ጣዎስ ደግሞ «ፓቦሪያል» ሆኗል። ታጋሎግ «ፍ» አልነበረውም፣ ስለዚህ «ኤሌፋንቴ» ኤሌፓንቴ ሆነ። አናባቢዎቹም ይናገራሉ። የጥንቱ ታጋሎግ በመሠረቱ «አ»፣ «ኢ» እና «ኡ»ን ብቻ ነበር የሚለየው፤ «ኤ» እና «ኦ» በስፓኒሽ ቃላት ብዛት ነው ራሳቸውን የቻሉት። ስለዚህ «ቤሴሮ» የሚለው ቃል «ቢሲሮ» ከሆነ፣ «ኮኔሆ» ደግሞ «ኩኔሆ» ከሆነ፣ ቃሉ በአገሬው አፍ በደንብ ታሽቷል ማለት ነው። «ሌዮን» (አንበሳ)፣ «ካሜልዮ»፣ «ኤሌፓንቴ» ግን አናባቢያቸውን እንደያዙ ናቸው፤ ከመጽሐፍና ከስብከት የመጡ ስለሆነ ይመስለኛል። ካፓምፓንጋን የተባለው ሌላው የፊሊፒንስ ቋንቋ ተናጋሪ ደግሞ እስካሁን «ኦ»ን ወደ «ኡ» ለውጦ ፈረስን «ካባዩ» ይላል።

«ኩኔሆ» ሌላም ምስጢር አለው። በ16ኛው መቶ ዓመት የስፓኒሽ «ሆታ» የምትባለው ፊደል ድምፅ ወደ «ሽ» የቀረበ ነበር፤ ዛሬ የምንሰማው የጉሮሮ ድምፅ ኋላ የመጣ ነው። ታጋሎግ «ሽ» ስለሌለው ቀድመው የገቡት ቃላት «ስ» ሆነው ቀሩ፤ ሳሙና «ሳቦን» የሆነው ዛሬ ስፔን ውስጥ «ሃቦን» ከሚባለው ቃል ነው። ጥንቸል «ኩኔሶ» ሳይሆን «ኩኔሆ» መባሉ ቃሉ ድምፁ ከተለወጠ በኋላ እንደገባ ይጠቁማል።

ድርብ «ኤል» የሚባለው ድምፅም ሁለት መንገድ አለው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ካባዮ» ውስጥ ድምፁ «ይ» ብቻ ነው፤ ሽንኩርት «ሲቡያስ» የሆነውም እንዲሁ ነው። «ካሜልዮ» (ግመል) እና «ባልየና» (አሳ ነባሪ) ውስጥ ግን «ል» አለች። ኢሎካኖ የተባለውን ሌላ የአገሪቱን ቋንቋ የሚናገሩት ደግሞ ፈረሱን ራሱን «ካባልዮ» ይሉታል። በሜክሲኮ በኩል የመጣው ወታደርና መርከበኛ «ል»ዋን እየዋጠ ይናገር ነበር፤ ካህኑና መጽሐፉ ግን ይጠብቋት ነበር የሚለው ማብራሪያ ለታጋሎጎቹ ጥንዶች ይስማማል። ለኢሎካኖው ፈረስ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ደንቡን ከአንድ ቋንቋ ወስዶ በሌላው ላይ መጫን አይቻልም።

ከፈረስ ጋር የመጣው ሌላ ዕቃ ሁሉ ስሙን ሲያስከትል ማየት ደስ ይላል። ኮርቻው «ሲያ»፣ ልጓሙ «ርየንዳ»፣ አለንጋው «ላቲጎ»፣ ጋጣው «ኩዋድራ»፣ እሽቅድምድሙ «ካሬራ»፣ ጋላቢው «ሂኔቴ» ነው። ሳሩ «ሳካቴ» ይባላል፤ ይህ ቃል ከሜክሲኮው የናዋትል ቋንቋ ወደ ስፓኒሽ ገብቶ በአካፑልኮ መርከብ ማኒላ የደረሰ ነው። ባለ ሁለት ጎማዋ ጋሪ «ካሌሳ»፣ ነጂዋ «ኩቼሮ» ናቸው። ኩቼሮውን ወደ ቀኝ እንዲዞር «ማኖ»፣ ወደ ግራ እንዲዞር «ሲልያ» ትሉታላችሁ። ማኖ እጅ ነው፣ ሲልያ ኮርቻ ነው፤ ምን አገናኛቸው? ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን በሚጎትተው ሠረገላ ላይ ነጂው ኮርቻ ጭኖ የሚቀመጠው በግራው ፈረስ ነው፤ የቀኙ ፈረስ በእጁ የሚመራው ነው። አንድ ፈረስ ብቻ በሚጎትታት ካሌሳ ላይ ይህ ሁሉ ትርጉም የለውም፣ ቃሉ ግን ቀረ። ለማቆም «ፓራ»፤ ዛሬ ጂፕኒ ታክሲ ውስጥ «ፓራ ፖ» የሚለው ተሳፋሪ ለሞተር የሚያዝዘው ለፈረስ በተሠራ ቃል ነው።

ቃሉ ምን ያህል እንደተዋሃደ ለማየት ግሱን ማዳመጥ ነው። ታጋሎግ «ማንግ» የሚል መነሻ ቅጥያ አለው፤ በ«ክ» የሚጀምር ቃል ላይ ሲለጠፍ «ክ»ዋን ይውጣትና በአፍንጫ የሚወጣውን የ«ንግ» ድምፅ ብቻ ያስቀራል። ፈረስ መጋለብ «ማንጋባዮ» ነው። የስፓኒሹ ቃል የመጀመሪያ ተነባቢውን አጥቷል፤ አንድም ታጋሎግ ተናጋሪ ግን ቃሉን ለመለየት አይቸገርም። ላም የሚረባበት ቦታም «ባካሃን» ነው፤ አሳማ የሚረባበት «ባቡያን» እንደሚባለው ሁሉ። የቅጥያው ሰዋስው ባዕዱንና የአገሩን አይለይም።

ግልገሉ ላይ ደግሞ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። «ቤሴሮ» በስፓኒሽ ጥጃ ነው። ታጋሎግ ግን ለጥጃ የራሱ «ጉያ» ነበረው፣ ጎሽ ከጥንት ስለሚያረባ። ክፍት የነበረው የፈረስ ውርንጭላ ቦታ ነው። እናም «ቢሲሮ» ታጋሎግ ውስጥ ውርንጭላ ሆነ። የጥጃ ስም በፈረስ ላይ የዋለው በስህተት ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ቋንቋው የጎደለውን ቀዳዳ ብቻ የደፈነበት ጥሩ ማሳያ አድርጌ ነው የማየው።

የዶሮ ፍልሚያ ሜዳ ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ነው። ከማጄላን ጋር የተጓዘው ፒጋፌታ በ1521 ፓላዋን ላይ ሰዎች አውራ ዶሮ ሲያዋጉ አይቷል፤ ስለዚህ ጨዋታው ከስፔን በፊት የነበረ ነው። ዶሮው ማኖክ፣ አውራው «ታንዳንግ»፣ ፍልሚያው «ሳቦንግ»፣ በግራ እግሩ ላይ የሚታሰረው የብረት ስለት «ታሪ»፣ አሳሪው «ማናናሪ» ነው፤ አንዱም ስፓኒሽ አይደለም። ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ግን ቋንቋው ይለወጣል። ሊያሸንፍ ይችላል የተባለው ዶሮ «ልያማዶ»፣ ዕድሉ ያነሰው «ዴሃዶ»፣ አንድ ለሁለት የሚከፍለው ውርርድ «ዶብላዶ»፣ አንዱ ግጥሚያ «ሶልታዳ»፣ ዳኛው «ሴንቴንስያዶር» ናቸው። ሜዳው ራሱ ከአገሬው «ሳቡንጋን» ሌላ «ጋልዬራ» ይባላል፤ በስፓኒሽ ጋዮ ማለት አውራ ዶሮ ስለሆነ። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። በስፔን ዘመን የፍልሚያ ሜዳ ፈቃድ የመንግሥት ገቢ ነበር፤ ማን እንደሚያካሂደው፣ በየትኛው ቀን እንደሚፈቀድ፣ ስንት እንደሚከፈልበት የሚጽፈው ቢሮ የሚሠራው በስፓኒሽ ነበር።

ውርርዱን የሚሰበስበው ሰው «ክሪስቶ» ይባላል፤ እጁን ዘርግቶ ሲጮህ የተሰቀለውን ክርስቶስ ይመስላል ተብሎ ነው። ወረቀት አይይዝም። ጣቶቹ ወደ ላይ ሲያመለክቱ አሥሮች፣ ወደ ጎን ሲሆኑ መቶዎች፣ ወደ ታች ሲሆኑ ሺዎች ናቸው። እንግዳ ሰው አዘውትሮ የሚከስረው እዚህ ነው፤ ባለማወቅ ጣቱን ወደ ታች ያደረገ ሰው መቶ ሳይሆን ሺ ተወራርዷል። ሁለቱ ወገኖች ደግሞ «ሜሮን» እና «ዋላ» ይባላሉ፤ «አለ» እና «የለም» እንደማለት፤ ሁለቱም ንጹሕ ታጋሎግ ናቸው። ተጫዋቹ «ሳቡንጌሮ» ነው፤ ሥሩ የአገሬው፣ «ኤሮ» የምትለው የሙያ ቅጥያ የስፔን። ኋላ ከአሜሪካ የመጣው የፍልሚያ ዶሮ ዝርያ «ቴክሳስ» ተባለ። አንድ ሜዳ ላይ ሦስቱን ዘመን ታገኛላችሁ።

ያችኑ «ኤሮ» ይዛችሁ ከማኒላ አጠገብ ወዳለችው ፓቴሮስ ሂዱ። የከተማዋ ስም «ፓቶ» ከሚለው የስፓኒሽ ዳክዬ የመጣ ነው ይባላል፤ ፓቴሮ ማለት ዳክዬ አርቢ ነው። ፓቴሮስ የምትታወቀው ደግሞ በ«ባሉት» ነው፤ ከ14 እስከ 18 ቀን ታቅፎ፣ ጫጩቱ ውስጡ መፈጠር ሲጀምር ተቀቅሎ የሚበላ የዳክዬ እንቁላል። ባሉቱን የምትጥለው ዳክዬ ግን «ፓቶ» አትባልም፣ «ኢቲክ» ናት፤ የአገሬው ቃል። ፓቶ የሚለው ስም በአብዛኛው ለሌላ ዝርያ፣ ፊቱ ቀይ ለሆነው ትልቁ ዳክዬ ቀርቷል። ገበያ ላይ ፓቶና ኢቲክ ብሎ የሚለይ ሻጭ ስለ ዝርያ እንጂ ስለ ቋንቋ እያወራ አይደለም፤ ዋጋቸውም አንድ አይደለም።

ከአሳማ ጋር የተያያዙት ቃላት ደግሞ ከእንስሳው አምልጠው ሄደዋል። ባቦይ ባቦይ ሆኖ ቀርቷል፣ ተጠብሶ ሲቀርብ ግን «ሊትሶን» ይሆናል። «ሌቾን» በስፓኒሽ ገና ወተት የሚጠባ የአሳማ ግልገል ነው። ፊሊፒኖዎች ቃሉን ለአጠባበሱ ሰጡት፤ ስለዚህ «ሊትሶን ማኖክ» (የተጠበሰ ዶሮ) ብሎ ማለት ምንም አያስቅም። ለማዳቀያ የሚያዘው አውራ አሳማ በስፓኒሽ «ቬራኮ» ሲባል በታጋሎግ «ባራኮ» ሆነ፤ ከዚያ ወንዳወንድና አስቸጋሪ ሰውን ማመልከት ጀመረ፤ ቀጥሎ ባታንጋስና ካቪቴ ውስጥ ለሚበቅለው፣ ሊቤሪካ ለሚባለው ጠንካራ ቡና ስም ሆነ። «ካፔንግ ባራኮ» ቃል በቃል የአውራ አሳማ ቡና ነው። ቡናን በዚህ ስም የሚጠራ አገር ከኛ ቡና ጠጪ ጋር እንዴት እንደሚግባባ አላውቅም፤ እነሱ ግን በኩራት ነው የሚጠሩት።

«ካፖን» የተባለው ቃልም እንዲሁ ተጉዟል። ስፓኒሹ «ካፖን» እንዲሰባ ተብሎ የተኮላሸ አውራ ዶሮ ነው። ዛሬ ማኒላ ውስጥ የሠፈር አስተዳደር «ሊብሬንግ ካፖን» ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ዶሮ አያስብም፤ ውሻና ድመት በነጻ እናኮላሻለን ማለቱ ነው፤ ለእንስቶቹም ጭምር ይሠራበታል። የመንደር ውሻው «አስካል» ነው፤ «አሶንግ ካልዬ» (የመንገድ ውሻ) ሲያጥር። ውሻው የአገሬው፣ መንገዱ የስፔን። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ስሙ ውሻውን ያዋርዳል ብለው «አስፒን» (የፊሊፒኖ ውሻ) የሚለውን እያስተዋወቁ ነው። በውሻው ፀጉር ውስጥ ያሉት ቁንጫና መዥገር «ፑልጋስ» እና «ጋራፓታ» ናቸው፤ ሁለቱም ስፓኒሽ። የሰው ራስ ላይ ያለው ቅማል ግን «ኩቶ» ነው፣ የአገሬው። ልዩነቱ ከማን ቤት እንደወጡ የሚያሳይ ይመስለኛል፤ ቅማሉን የምትለቅመው እናት ናት፣ ቁንጫና መዥገሩ ግን ከፈረሱና ከከብቱ ጠባቂ ጋር የሚኖሩ ናቸው።

«ፑልጋስ» መጨረሻዋ ላይ ያለችውን «ስ» አስተውሉ። በስፓኒሽ የብዙ ቁጥር ምልክት ናት፣ ታጋሎግ ውስጥ ግን ምንም አትሠራም፤ አንዱም ቁንጫ «ፑልጋስ» ነው። «ሳርዲናስ»ም እንዲሁ። ፍሬዎቹና አትክልቶቹም በብዛት ይህን ያሳያሉ፦ «ማንሳናስ» (ፖም)፣ «ኡባስ» (ወይን)፣ ቀድሞ ያነሣነው «ሲቡያስ»። በክምር የሚታይ ነገር በብዙ ቁጥር ይሰማል፣ አንድ በአንድ የሚሸጥ ላምና ፈረስ በነጠላ ይሰማል። «ጋራፓታ» ግን «ስ» የላትም፤ ደንቡ ቁንጫ ላይ ሠርቶ መዥገር ላይ አልሠራም።

በቤተ ክርስቲያን በር የገቡት ደግሞ ብዙዎቹ ማንም አይቷቸው የማያውቁ እንስሳት ነበሩ። «ሌዮን»፣ «ካሜልዮ»፣ «ሎቦ» (ተኩላ)፣ «ሴርፒየንቴ»። በጉ አስቸጋሪ ነበር። ሞርጋ እንደሚለው በግ ከኒው ስፔን ደጋግሞ ቢመጣም በአየሩና በግጦሹ ምክንያት አልራባም። ሆኖም ቅዳሴው በግ ያስፈልገው ነበር፤ እናም ታጋሎግ ቅዳሴ ውስጥ «ኮርዴሮ ንግ ድዮስ» (የእግዚአብሔር በግ) እየተባለ እስከዛሬ ይዘመራል። ሴቡዋኖ የተባለው የአገሪቱ ቋንቋ በግን «ካርኔሮ» ሲል ታጋሎግ ለተራው በግ «ቱፓ» ይላል፤ ይህ ቃል ስፓኒሽ አይደለም። ርግብ መንፈስ ቅዱስን ብትወክልም «ፓሎማ» አልሆነችም፤ «ካላፓቲ» እንደሆነች ቀረች። ካህኑ ስለ ርግብ ሲሰብክ ርግቧ ከጣሪያው ላይ ትታይ ነበር፣ ስለ ግመል ሲሰብክ ግን የሚያሳየው አልነበረውም። በፈረንጆች ታኅሣሥ (ዲሴምበር) ከ16 እስከ 24 ሌሊት የሚካሄደው ጸሎት «ሚሳ ደ ጋዮ» (የአውራ ዶሮ ቅዳሴ) ይባላል፤ ጎህ ሲቀድ የሚጮኸው ዶሮ ግን ያው ታንዳንግ ነው።

ከስፔን በፊት ሌላ ንብርብር እንደነበረ የሚያስታውሱን ሁለት ቃላት አሉ። ዝሆን በድሮው ታጋሎግ «ጋድያ» ነበር፤ ከሳንስክሪት በማላይ በኩል የመጣ። «ኤሌፓንቴ» ከዕለት ንግግር አስወጣው፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን አለ። ማላዮች ታይገር የሚባለውን ባለ ጥቁር መስመር ትልቅ አውሬ «ሃሪማው» ይሉታል፤ ቃሉ ታጋሎግ ጋ ሲደርስ «ሃሊማው» ሆነ። አውሬው ግን በደሴቶቹ ላይ አልነበረም። ስሙ ብቻውን የቀረ አውሬ ቀስ በቀስ ጭራቅ ሆነ፤ ዛሬ ሃሊማው ማለት ጭራቅ ነው፤ ለእውነተኛው አውሬ ደግሞ «ቲግሬ» ከስፔን መጣ።

ንስሩ የበለጠ የሚያስገርም ነው። የፊሊፒንስ ንስር ከፊሊፒንስ ውጪ የትም የለም፤ በ1995 በፕሬዚዳንታዊ አዋጅ ቁጥር 615 የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ተብሏል። በየቋንቋው ለትልልቅ አዳኝ ወፎች «ባኖግ» የሚል ስም አለ። ሆኖም በፊሊፒኖ የተለመደው መጠሪያው «አጊላ» ነው፤ የስፓኒሹ «አጊላ»። በመንግሥት ማኅተም፣ በገንዘብና በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ንስር የጫካውን ንስር ስም ቀማው። «ሃሪቦን» የሚለው የተፈጠረ ቃል፣ «ሃሪንግ ኢቦን» (የወፎች ንጉሥ) ሲያጥር፣ ስሙን ወደ ቤት ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። በቀቀንም «ሎሮ» ተብሏል፤ በጫካው ውስጥ «ኩላሲሲ» የምትባል ትንሽ በቀቀን እያለች። ሎሮ በጎጆ ተዘግታ ሰው የሚያናግራት ናት።

ግንኙነቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። የማሳው ጎሽ «ካላባው» ነው፤ በመካከለኛዎቹ ደሴቶች ያሉት ቪሳያኖች «ካራባው» ይሉታል። ስፔኖች ይህን ወስደው «ካራባኦ» አደረጉት፤ አሜሪካኖችም ከነሱ ተቀበሉ። መዝገበ ቃላት ላይ «ካራባኦ» ያየ ሰው ስፔን ያመጣችው ቃል ነው ብሎ ይደመድማል፤ ዕዳው የተገላቢጦሽ ነው። የማሳው ሥራ የስፔን አልነበረም፤ ሩዙም፣ አራሹም፣ ጎሹም የአገሬው ነበሩ፤ ኢሎካኖ ጎሹን «ኑዋንግ»፣ ካፓምፓንጋን «ዳሙላግ» እንዳለ ቀጥሏል።

ቋንቋውን ለሚማር ሰው ችግር የሚፈጥሩት ቃላት ጥቂት ናቸው። «ባካ» የመጀመሪያው ክፍል ሲጠነክር ላም ነው፤ የመጨረሻው ክፍል በጉሮሮ ተቆርጦ ሲወጣ «ምናልባት» ነው። በጽሑፍ ላይ አይለዩም። «ሎቦ» ተኩላ ነው፣ ግን «ግሎቦ» ከሚለው ስፓኒሽ የመጣው ሌላው «ሎቦ» ደግሞ ፊኛ ነው፤ ልደት ላይ «ብዙ ሎቦ ግዛ» የተባለ ሰው ፊኛ ነው የሚገዛው። «አራንያ» ስፓኒሽ ሸረሪት ነው፣ ታጋሎግ ውስጥ ግን ሸረሪት «ጋጋምባ» ስለነበረች አራንያ ከጣሪያ ለሚንጠለጠለው ባለ ብዙ ክንድ መብራት ብቻ ቀረ። «ካባዮ»ም ልብስ የሚተኮስበት ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በቤይሩት ከፊሊፒኖዎች ጋር አንድ ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ይህችን ሳይሰሟት አይቀሩም። እዚያው ሁሉም ሰው ፊሊፒኖዎችን «ካባያን» እያለ ይጠራል፤ ያገር ልጅ ማለት ነው፣ «ባያን» ከሚለው አገር የመጣ፣ ከስፔን ጋር የማይገናኝ። መጨረሻውን በ«ዮ» ከዘጋችሁት ግን ሰውዬውን ፈረስ ብላችሁታል። አብዛኞቹ ይስቃሉ፣ ሁሉም ግን አይስቅም።

የድሮ መዝገበ ቃላት ውስጥ እነዚህን ቃላት የሚፈልግ ሰው «ካ» የሚለውን ድምፅ በላቲኑ «ሲ» ወይም «ኪው» ስር ይፈልግ። ከ1613ቱ የፔድሮ ደ ሳን ቡዌናቬንቱራ መዝገበ ቃላት ጀምሮ ታጋሎግ በስፔን አጻጻፍ ነበር የሚጻፈው። ፊሊፒናዊው ደራሲ ሆሴ ሪሳል በ1890 ስለ አዲስ አጻጻፍ ከጻፈና ሌሎችም ከገፉበት በኋላ ነው የ«ኬይ» ፊደል የነገሠው። ፈረሱን በ«ኬይ» ብቻ ፈልጎ «በ17ኛው መቶ ዓመት ቃሉ አልነበረም» የሚል ሰው የሳተው ፊደሉን ነው።

ዛሬ በር ላይ የቆመው እንግሊዝኛ ነው። ልጆች የእንስሳ ስም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ካርቶንና መማሪያ ነው፤ ቀጭኔ ከስፓኒሹ «ሂራፓ» ይልቅ «ድዪራፕ» ትባላለች። የሜዳ አህያ «ሴብራ» ግን ከሁለቱም ቋንቋ ልትመጣ ስለምትችል ማን እንዳመጣት በድምፅ ብቻ መለየት አይቻልም። ካባዮ፣ ባካና ፓቦ ከነሱ ጋር ሲወዳደሩ ማንም ሊነቀንቃቸው የሚችል አይመስልም፤ ሉካንዳው ውስጥ «ባካ» ብሎ ሥጋ የሚያዝ ሰው ቃሉን ከታጋሎግ ውጪ ፈልጎት አያውቅም።